ስፖንሰሩ አካውንቱን ካልያዝኩ አለን

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ሦስት ጓደኛሞች ነን፤ ሁለታችን አዲስ አበባ፣ አንዱ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ይኖራል። በአማርኛ ሦስት የቴክኖሎጂ ፖድካስቶች እንሠራለን፤ ስለ ሞባይል፣ ስለ ኮዲንግና ስለ ሳይበር ደኅንነት። በአንድ ስም ሰብስበን ኔትወርክ ልናደርጋቸው ነው። አንድ ድርጅት ስፖንሰር ልሁናችሁ ብሏል፣ ግን ሦስቱም ፖድካስቶች በእሱ የፖድካስት አካውንት ሥር እንዲገቡ ይፈልጋል። ብሩ ያጓጓል። ምን ይሻለናል? አንድ ክፍል ለናሙና ልከናል።

መልስ፦ ብሩን ተቀበሉ፣ አካውንቱን አትስጡ።

ፖድካስት እኮ ሲጠቀለል አንድ የአርኤስኤስ አድራሻ ነው፤ አርኤስኤስ ማለት የክፍሎቹ ዝርዝር ያለበት፣ መተግበሪያዎች የሚያነቡት ፋይል ነው። አፕል ፖድካስትስ በሉት ሌላ መተግበሪያ፣ አዲሱን ክፍል የሚያገኘው ከዚያ አድራሻ ነው። አድራሻው እጁ ላይ ያለ ሰው አድማጩንም ይዟል። እኔ በዚህ ተቃጥያለሁ። ከዓመታት በፊት ከአንድ ወዳጄ ጋር የጀመርነው ፕሮግራም በእሱ ኢሜይል ነበር የተከፈተው፤ ተኮራረፍን፣ ኢሜይሉም ተዘጋ፣ አርባ ምናምን ክፍል እዚያው ቀረ፣ እናቴ ሳትቀር «ያ ወሬያችሁ የት ገባ?» እያለች ስትጠይቀኝ ከረመች።

ስለዚህ መጀመሪያ በራሳችሁ ስም ዶሜይን (የድረ ገጽ ስም) ግዙ፣ የአርኤስኤስ አድራሻውም በእሱ ሥር ይሁን። ነገ ሆስቲንግ (ፋይሎቹን የሚያስቀምጥላችሁን አገልግሎት) ብትቀይሩ 301 የሚባለውን ማዞሪያ ታደርጋላችሁ፤ ሱቅ ሲዛወር በሩ ላይ «ፊት ለፊት ገብተናል» ተብሎ እንደሚለጠፈው ወረቀት ነው፣ አድማጩ ሳያውቀው አብሯችሁ ይሄዳል። አካውንቱ የስፖንሰሩ ከሆነ ግን ወረቀቱን የሚለጥፈው እሱ ነው፣ ደስ ካለው።

ሊኑክስ ስለሚባለው የኮምፒውተር ሥርዓት በሚያወራባቸው ፖድካስቶች የሚታወቀው ጁፒተር ብሮድካስቲንግ የሚባል ኔትወርክ በ2018 እ.ኤ.አ. ሊኑክስ አካዳሚ ለሚባል የኦንላይን ሥልጠና ኩባንያ ተሸጠ። በ2019 መጨረሻ ገዢው ራሱ በሌላ ኩባንያ ተገዛ። መሥራቹ ክሪስ ፊሸር በ2020 ኔትወርኩን እንደገና ነፃ አወጣው። እነሱ ተስማምተው ተለያዩ፣ እናንተ ግን በስፖንሰር ደግነት አትወራረዱ። ስትለያዩ ምኑ ለማን እንደሚቀር ውሉ ላይ ይጻፍ።

አንዳችሁ ባሕር ማዶ መሆኑ አያሳስባችሁ። ሪሌይ ኤፍኤም የሚባለውን የፖድካስት ኔትወርክ በ2014 የመሠረቱት ስቲቨን ሃኬትና ማይክ ሃርሊ አንዱ ሜምፊስ አንዱ ለንደን ነበሩ። ስቱዲዮ ለመከራየትም አትቸኩሉ፤ ከ2005 ጀምሮ ትዊት (TWiT) የሚባለውን የቴክኖሎጂ ፖድካስት ኔትወርክ የሚያንቀሳቅሰው ሊዮ ላፖርት እንኳ በ2024 የካሊፎርኒያ ስቱዲዮውን ዘግቶ ከቤቱ መሥራት ጀምሯል። ማስታወቂያ ብቻውን ስለማያስተማምን ከ2021 ጀምሮ በወር 7 ዶላር የሚከፈልበት የአባላት ክለብ አቋቁሞ ነበር። እናንተም ከአድማጭ ትንሽ ትንሽ መሰብሰብን ከአሁኑ አስቡበት፣ አንድ ስፖንሰር ሲያኮርፍ ሦስቱም ፕሮግራም አብሮ እንዳይታመም።

ከዚያ የማያምረው ሥራ አለ። ኤዲት ማን ያደርጋል? ክፍያውን ማን ይከታተላል? የሞባይሉ ፕሮግራም ብዙ አድማጭ ቢያመጣ ገቢው እኩል ይካፈላል ወይስ እንደየድርሻው? ይሄንን ብሩ ሳይገባ ተነጋገሩ፣ ከገባ በኋላ ወሬው ይከብዳል።

ስለ ናሙናው፣ ይዘቱ ግሩም ነው። ግን ፋይሉ ከበደ። ወሬ ብቻ ከሆነ በሞኖ (በአንድ የድምፅ መስመር) በሰከንድ 64 ኪሎቢት በቂ ነው፤ አንድ ሰዓት ወደ 29 ሜጋባይት ይሆናል፣ በ128 ከሆነ እጥፍ ነው፣ ፓኬጅ ቆጥሮ የሚያዳምጠውን ሰው አስቡት። ደግሞ 12ኛው ደቂቃ ላይ ጄኔሬተር ይነሳል፣ እስከ መጨረሻም አይጠፋም። እሱን ክፍል እንደገና ቅዱት።