ያገለገለ ካሜራ ስንት አንስቷል?

ጥያቄ፦ ለሠርግ ሥራ የሚሆነኝ ያገለገለ ኒኮን ዲ7100 እዚሁ ሂርማታ አካባቢ አግኝቻለሁ። ሻጩ «ሻተሩ (ፎቶ በተነሳ ቁጥር ተከፍቶ የሚዘጋው መጋረጃ) ገና 8 ሺህ ነው» ብሎ በቴሌግራም አንድ ፎቶ ላከልኝ። በፋይሉ ስም ላይ ያለው ቁጥርም 8 ሺህ ገደማ ነው። ኮምፒውተር ላይ ስከፍተው ግን ሌላ ምንም አላገኘሁም። ልመነው? (ከጅማ)

መልስ፦ በፋይሉ ስም አይመኑ። ኒኮን እስከ 9999 ቆጥሮ ከ0001 እንደገና ይጀምራል፤ ከሜኑውም ወደ መጀመሪያው መመለስ ይቻላል። 8 ሺህ ያለው ካሜራ 68 ሺህ አንስቶም ሊሆን ይችላል። ትክክለኛው ቁጥር ያለው ካሜራው በእያንዳንዱ ፎቶ ውስጥ በሚጽፈው ሜታዳታ (ስለ ፎቶው የተደበቀ መረጃ) ውስጥ ነው፤ የዊንዶውስ ፕሮፐርቲስ ይህን አያሳይም።

የተላከልዎት ፎቶም አይጠቅምም። ቴሌግራም ፎቶን እንደ ፎቶ ሲልክ ያሳንሰዋል፣ ሜታዳታውንም ይጥለዋል። እንደ ፋይል ቢላክ ይተርፋል። ይበልጥ የሚያስተማምነው ግን የራስዎን ሚሞሪ ካርድ ይዘው ሄደው እዚያው አንድ ጄፔግ ማንሳት ነው። በፎቶሾፕ ያለፈ ፎቶ አይቀበሉ፤ መረጃው ተቆርጦ ሊቀር ይችላል።

ከዚያ ኤግዚፍቱል የተባለውን ነፃ ፕሮግራም ያውርዱ። ዚፑ ውስጥ ያለውን በሙሉ፣ ፎልደሩን ጭምር፣ አንድ ቦታ ያውጡት፤ ፕሮግራሙን ብቻ ነጥለው ካወጡት አይነሳም። የፕሮግራሙን ስም ሳይቀይሩ ፎቶውን ጎትተው አይከኑ ላይ ይጣሉት። ጥቁር መስኮት ተከፍቶ ረጅም ዝርዝር ይወርዳል፤ «ሻተር ካውንት» የሚለውን መስመር ፈልጉ። «ሲሪያል ነምበር» የሚለውንም አይለፉት፦ ካሜራውን ገልብጠው ሆዱ ላይ ከተጻፈው ቁጥር ጋር ያስተያዩ። ካልገጠመ ፎቶው የሌላ ካሜራ ነው።

ኒኮን የዲ7100ን ሻተር እስከ 150,000 ጊዜ ፈትኖታል፤ ዋስትና ግን አይደለም፣ ቀድሞ የሚበላሽም፣ አልፎ የሚሠራም አለ። ስለዚህ ነጭ ግድግዳ በፀሐይ ላይ በ1/8000 ሰከንድ ደጋግመው ያንሱ። ከፎቶው በአንዱ ጠርዝ ጥቁር ጥላ ከመጣ የሻተሩ መጋረጃ እየደከመ ነው፤ ቁጥሩ ትንሽ ቢሆንም አይግዙ። ቪዲዮ ሲቀረጽ ሻተሩ ክፍት ስለሚቆይ ለሰዓታት የተቀረጸበት ካሜራም በቁጥሩ ትኩስ ሊመስል ይችላል። በጅማ እርጥበት ደግሞ ሌንሱን በስልክ መብራት ፊትና ኋላ አብርተው ይዩ፤ እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ ነገር ካለ ሻጋታ ነው።

ጥያቄ፦ የእኔ ካኖን 6ዲ ነው። በዚሁ መንገድ ቁጥሩን አገኛለሁ?

መልስ፦ አያገኙም። አብዛኞቹ የካኖን ካሜራዎች ቆጠራውን ፎቶው ውስጥ አይጽፉትም፤ በዩኤስቢ ገመድ ከኮምፒውተር ጋር አገናኝቶ በሌላ ፕሮግራም ማንበብ ይጠይቃል። ካኖን ለ6ዲ ሻተር ያስቀመጠው መጠን 100,000 ጊዜ ነው። ከሻጭ የሚገዙ ከሆነ ገመዱንና ላፕቶፑን ይዘው ይሂዱ፣ ባትሪውም የተሞላ ይሁን።