የቢላዋው እጀታ ለምን ተከፈተ?

አንድ ወንድማችን ከደብረ ብርሃን እንዲህ ሲል ጠይቆኛል፦ «ከመኪና ባሌስትራ ቢላዋ ሠራሁ። ለእጀታው ወይራ ግራና ቀኝ በአናጢ ኮላ ለጥፌ በሁለት ሚስማር መታሁት። ሁለት ወር ሳይሞላ አንዱ ወገን ተከፈተ፤ ሌላው ሚስማሩ ጋ ተሰነጠቀ። ጥፋቱ የኮላው ነው?»

ኮላውም አለበት። እኔ ግን መጀመሪያ የምጠረጥረው እንጨቱን ነው። ከማገዶ ክምር መርጠህ ከሆነ (ሁላችንም አድርገነዋል) ውስጡ ገና እርጥብ ነበር። እርጥብ እንጨት ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ብረቱ ግን ንቅንቅ አይልም። ከጣርማ በር ቁልቁል ወርዶ ሸዋ ሮቢት ሙቀት ውስጥ ቢከርም ደግሞ ይብስበት ነበር።

መድረቁን በዓይን አትገምት። በእጀታው ልክ ሰንጥቀህ ቅመም ቤት ሚዛን ላይ አስመዝነውና ክብደቱን እዚያው እንጨቱ ላይ በእርሳስ ጻፍ። በየሳምንቱ ድገመው። ለሦስት ሳምንት ቁጥሩ ካልወረደ ደርቋል። ምድጃ ዳር አታስቀምጠው፤ ላዩ ቀድሞ ይደርቅና ይሰነጠቃል።

አሮጌውን ለማንሳት የሚስማሩን ራስ በሞረድ ጨርሰህ ግፋው። ኮላው በፈላ ውሃ ይለሰልሳል። እሳት ላይ ግን እንዳታደርገው፣ ስለቱ ጥንካሬውን ያጣል። የፈላ ውሃ አይጎዳውም፤ በእናንተ ከፍታ እንዲያውም ውሃ በ100 ሳይሆን በ90 ዲግሪ ግድም ነው የሚፈላው።

እንጨት የሚሸፍነውን ብረት አታብለጭልጨው። በ60 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት በሁሉም አቅጣጫ ጫረው፣ በአሴቶን ጥረገው፣ ከዚያ በጣት አትንካው።

ሚስማርን እርሳው። እንደ ሽብልቅ እንጨቱን እየገፋ ነው የሚገባው፤ የተሰነጠቀብህም ለዚያ ነው። በብረቱ ቀዳዳ ልክ የናስ ዘንግ ፈልግ። 4 ሚሊ ጥሩ ነው። ቀዳዳህ ከዚያ ከጠበበና ፑንታው (የመብሻው ብረት) አልበላ ካለ፣ ብረቱ እስከ እጀታው ጠንክሯልና አትታገለው፣ ቀጭን ዘንግ ውሰድ። አንዱን እንጨት በሞርሳ ከብረቱ ጋር አጥብቀህ በብረቱ ቀዳዳ በኩል ብሳው፤ ሌላውንም እንደዚያው። ዘንጉ በእጅ ሲገፋ መግባት አለበት። መዶሻ ከጠየቀህ ጠቧል።

አሁን ብዙ ሰው የሚዘለው ነገር። በስለቱ በኩል ያለውን የእንጨቶቹን ጫፍ ከመለጠፍህ በፊት ጨርስ። ሁለቱን በዘንጉ አገጣጥመህ አንድ ላይ ሞርደው፣ አለስልሰው። ከተለጠፈ በኋላ እዚያ ጋ ሞረድ ካስገባህ ስለቱን ትቧጭራለህ። የመጀመሪያው ቢላዬ እስከ ዛሬ ያ ጭረት አለበት፤ ለእንግዳ ሳወጣው በዚያ በኩል አዞረዋለሁ።

ለመለጠፍ ኮላ ሳይሆን ኢፖክሲ፣ ባለ ሁለት ቱቦውን። «በአምስት ደቂቃ» የሚለውን ተወው፤ ቀስ ብሎ የሚደርቀው ይሻላል። ቱቦው ላይ በተጻፈው ልክ ቀላቅል። ብረቱንም እንጨቱንም ዘንጉንም ቀባ። ሞርሳውን ለዘብ አድርገህ እሰር፤ አለዚያ ማጣበቂያው ሁሉ ተጨምቆ ይወጣል። ስለቱ ላይ የፈሰሰውን ሳይደርቅ በአሴቶን ጥረግ። የደብረ ብርሃን ሌሊት ብርድ ኢፖክሲን ያዘገየዋልና ሞቅ ያለ ክፍል ውስጥ አሳድረው፣ 24 ሰዓት አትንካው።

ከዚያ ቅርጹን አውጣ። የእንጨቱ ብናኝ ሳንባ አይምርም፣ አፍንጫህን ሸፍን። መጨረሻ ላይ የተልባ ዘይት በስሱ፣ ሦስት አራት ጊዜ። የዘይቱን ጨርቅ ግን ጨብጠህ ጥግ አትጣል፤ የተልባ ዘይት ሲደርቅ ይሞቃል፣ የተጨበጠ ጨርቅ በራሱ ሊቀጣጠል ይችላል። ውጭ ገመድ ላይ ዘርጋው።