ለአሮጌ ሚያታ መሪ፣ ከጎማው ጀምር

ወንድሜ፣ እንኳን ደስ አለህ። ጥሩ መኪና ነው የገዛኸው። ጥያቄህን ባጭሩ ልድገመው፦ እ.ኤ.አ. የ1991 ማዝዳ ሚያታህ ፓወር ስቲሪንግ (መሪውን በፓምፕ ኃይል የሚያቀልል ዕቃ) የላትም። ሀይዌይ ላይ መሪዋ ይዋልላል፣ ስታቆማት ደግሞ ይከብዳል። ራኩን (የመሪውን ዙር ወደ ጎማዎቹ የሚያስተላልፈውን ባለ ጥርስ ዘንግ) አውጥቼ ፓወር ያለውን ልግጠምበት ወይ ነው ያልከው። እኔም ቨርጂኒያ ውስጥ እንዳንተው ፓወር የሌላትን ሚያታ ለዓመታት ነድቻለሁ። መልሴ አሁን ራኩን አትንካው ነው።

መጀመሪያ ሁለቱን ችግሮች እንለያቸው። ስታቆማት መክበዱ ጤናማ ነው። ቆማ እያለች አትጠምዝዛት፤ ትንሽ እየሄደች ካዞርከው ይቀልልሃል። ሀይዌይ ላይ መዋለሉ ግን የአንድ የደከመ ዕቃ ምልክት ነው። ይህች የመኪና ዓይነት እ.ኤ.አ. በ1989 ቺካጎ የመኪና ትርኢት ላይ መጀመሪያ ስትታይ አንድ ቶን እንኳ የማትሞላ፣ አራቱም እግሯ በድርብ ዊሽቦን (ጎማውን ከላይና ከታች በሚይዙ ሁለት ክንዶች) የተያዘ ነበረች። በደህና ጊዜዋ ቀጥ ብላ ነው የምትሄደው።

ስለዚህ ከጎማው ጀምር። ጎኑ ላይ ካለው ጽሑፍ መጨረሻ አራት ቁጥሮች አሉ። 2314 ካለ፣ እ.ኤ.አ. በ2014 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። እንዲህ ያሉ መኪኖች አብዛኛውን ጊዜ ጋራዥ ውስጥ ስለሚቆሙ ጥርሱ ሳያልቅ ላስቲኩ ይደርቃል። ጥርሱ ገና ነው ብለህ እንዳትሸወድ። በጥፍርህ ጫን በለው፤ እንደ ፕላስቲክ ከደረቀ ቀይረው። ነፋሱንም እይ። ፋብሪካው ለ185/60 ባለ 14 ጎማ ያዘዘው 26 ፒኤስአይ (የነፋስ ግፊት መለኪያ) ነው። ጎማ ቤት እንደ ሌላው መኪና 35 ይሞሉልሃል፤ ያኔ መኪናዋ ትነጥራለች፣ መሪው ላይ የሚሰማህም ነገር ይጠፋል።

ጎማው ደህና ከሆነ ፊቷን በክሪክ አንሳና መቆሚያ አስገባባት። በክሪክ ብቻ አትተማመን፣ አደራ። ጎማውን ከግራና ከቀኝ ይዘህ ነቅንቀው። ቀጭ ቀጭ ካለ ቴስቲናው (ራኩን ከጎማው ጋር የሚያያይዘው ዘንግ ጫፍ) ነው። ከላይና ከታች ይዘህ ስትነቀንቀው የሚንቀሳቀስ ከሆነ ኩሽኔታው ወይም ቦል ጆይንቱ (የእግሩ ኳስ መሰል መገጣጠሚያ) ነው። ቴስቲና ርካሽ ነው፤ ብዙ ጊዜ ራክ ነው ተብሎ ገንዘብ የሚወጣበት ችግር እሱ ሆኖ ይገኛል።

ቀጥሎ ጎሚኒዎቹ፣ ማለትም የእግሩ ክንዶች የሚታሰሩባቸው ላስቲኮች። ከሠላሳ ዓመት በላይ የኖረ ላስቲክ ይሰነጣጠቃል፣ እግሩን በቦታው መያዝ ያቅተዋል። ስታስቀይር ለመካኒኩ አንድ ነገር ንገረው፦ ብሎኖቹን የመጨረሻ የሚያጠብቀው መኪናዋ በጎማዋ መሬት ላይ ቆማ ነው። ተሰቅላ እያለች ካጠበቀው ላስቲኩ እንደተጠመዘዘ ይቀራል፣ ሳይቆይ ይቀደዳል።

አላይመንት፣ ማለትም የጎማዎቹን አቅጣጫና ዝንባሌ ማስተካከል፣ ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ሚያታ አራቱም እግሯ ይስተካከላል፤ ብዙ ቦታ ግን የፊቱን ቶ (ጎማዎቹ ከፊት ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ የሚያዩበትን መጠን) ብቻ ነክተው ይሸኙሃል። የማስተካከያ ብሎኖቹ በክረምት ጨው ዝገው ስለሚጣበቁ ቀደም ብለህ ዘይት አጠጣቸው። ዋናው ነገር ካስተር ነው፤ የፊት ጎማው የሚዞርበት ዘንግ ወደ ኋላ የሚያዘነብልበት መጠን ማለት ነው። መሪውን ወደ መሃል የሚመልሰው፣ ሀይዌይ ላይ ቀጥ የሚያደርጋት እሱ ነው። እኔ የፊቱን ወደ 5 ዲግሪ አድርገው፣ ግራና ቀኝ እኩል እንዲሆን እጠይቃለሁ። ካምበር (የጎማው አናት ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ማዘንበል) ከዜሮ በታች 1 ዲግሪ ይበቃል። አንተ የምታክል ሰው መሪው ጋ ተቀምጦ ቢለኩት ደግሞ ይመረጣል፤ ቀላል መኪና ስለሆነች የሰው ክብደት ቁጥሩን ይለውጠዋል።

ይህ ሲስተካከል ፓወር የሌለው መሪ ለምን እንደሚወደድ ይገባሃል። ኩርባ ውስጥ ስትገባ መሪው ቀስ እያለ ይከብዳል። የፊት ጎማው የመያዝ አቅሙ ሊያልቅ ሲቃረብ ደግሞ ቀለል ይልብሃል። መኪናዋ ሳትንሸራተት ቀድማ የምታስጠነቅቅህ በዚህች ቅለት ነው። እርጥብ መንገድ ላይ በቀስታም እየነዳህ ትሰማታለህ። እኔ ይህን በምንም ፓምፕ አልለውጠውም።

አንድ ነገር ብቻ ግን አረጋግጥ። ፓወር የነበራትን መኪና የፓምፑን ቺንጋ (ፓምፑን የሚያዞረውን ቀበቶ) አውልቀው ፓወር የላትም ብለው የሚሸጡ አሉ። እንዲህ ከሆነ ራኩ ውስጥ ያለው ፒስተን ዘይቱን እየገፋ ስለሚሄድ መሪው ከብዶም ደንዝዞም ይቀራል። ቦኔቱን ክፈትና ወደ ራኩ የሚገቡ የዘይት ቱቦዎች እንዳሉ እይ። ካሉ፣ ቺንጋና ፓምፑን መመለስ ይሻልሃል።

አላይመንቱን ስታሠራ የሚሰጡህን ወረቀት ፎቶ አንስተህ ላክልኝ። ከመስተካከሉ በፊት የነበረውም ቁጥር ይኑርበት።