ዜሮ ከመጻፋችሁ በፊት

ራዲዮአክቲቭ ቆሻሻ የመለካት ሥራ ለምትጀምሩ ልጆቼ፦

ባልደረቦቼ ነገረኛ ይሉኛል። እውነታቸውን ነው። ቅጽ ላይ «0» ተጽፎ ካየሁ «ስንት ደቂቃ ለካኸው?» ማለቴ አይቀርም። አላየሁም ማለትና የለም ማለት ለየቅል ናቸው። ካላያችሁ፣ መሣሪያው በዚያ በርሜል ላይ፣ በዚያ ሰዓት ውስጥ ሊያይ የሚችለውን ዝቅተኛ መጠን አስሉና «ከዚህ በታች» ብላችሁ ጻፉ።

በርሜል ደግሞ አታላይ ነው። የሲዚየም-137 ጋማ ጨረር 662 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ጉልበት ስላለው ብረቱን ብዙም ሳይቸገር ያልፋል። የአሜሪሲየም-241 ግን 60 ገደማ ነው። 1 ሚሊ ሜትር የብረት ግድግዳ ብቻ ከግማሽ በላዩን ያስቀርባችኋል። መሀል ላይ ሲሚንቶ ውስጥ ከተቀበረማ አለቀ። ስትሮንቲየም-90 ይባስ ብሎ የራሱ ጋማ የለውም፤ ናሙና ተወስዶ ላቦራቶሪ ካልገባ አይገኝም። ስለዚህ በርሜሉን እያዞራችሁ ለኩ። መዝኑት። ምን እንደገባበት ያሸገውን ሰው ጠይቁ።

ይህቺ ጥያቄ ቀላል እንዳትመስላችሁ። በ2014 ኒው ሜክሲኮ ውስጥ ዊፕ በተባለው የመሬት ውስጥ ማከማቻ አንድ በርሜል ከውስጡ ግሎ ፈነዳ። የናይትሬት ጨው ያለበት ቆሻሻ፣ ፈሳሽ የሚመጥ ማዕድናዊ መምጠጫ መጨመር ሲገባው፣ ኦርጋኒክ፣ ማለትም ከዕፅዋት የተሠራ መምጠጫ ተጨምሮበት ነበር። ማከማቻው ለሦስት ዓመት ገደማ ቆሻሻ መቀበል አቆመ። ቤክሬሉን፣ ማለትም የራዲዮአክቲቭነቱን መጠን ብቻ ማወቅ በርሜሉን ማወቅ አይደለም።

የእኔ ጥፋት ከዚህ ያንሳል፤ ግን እስካሁን ይከነክነኛል። ሥራ ከመጀመራችን በፊት ጠዋት ጠዋት መጠኑ የሚታወቅ ምንጭ ለክተን ውጤቱን ግራፍ ላይ ነጥብ እናደርጋለን። አንድ ሰኞ ነጥቧ ከተፈቀደው ወሰን የታችኛው መስመር ወረደች። ረዳቴን «ድገመው» አልኩት። ደገመው፤ ለጥቂት መስመሩ ውስጥ ገባች። እፎይ ብለን ሥራችንን ቀጠልን። ሐሙስ ዕለት ጨረሩን የሚለካውን ዲቴክተር የያዘው ብሎን ላልቶ፣ ዲቴክተሩ ሁለት ጣት ያህል ወደ ኋላ መንሸራተቱን አየን። የአራት ቀን በርሜሎችን ከመጋዘን አውጥተን እንደገና ለካን። ወገብ የሚቆርጥ ሥራ ነበር። እሱስ ይሁን፤ ያሳፈረኝ ሌላ ነው። ግራፉ ላይ ያሰፈርኩት ሁለተኛዋን ነጥብ ብቻ ነበር። ባልወደድኳት ጊዜ የመጀመሪያዋን ዋጥኳት።

በኋላ በቀይ እስክሪብቶ ጨመርኳት። የጨመርኩበትን ቀን፣ ምክንያቱንና ፊርማዬን ከጎኗ አኖርኩ። አዲስ ሠራተኛ ሲመጣ መጀመሪያ የማሳየው ያንን ገጽ ነው።