ከአንባብያን ለጥርስ ሐኪም፦ በቻርጅ ስለሚሠራው የውሃ ፍሎሰር

በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል በርከት ያሉት በቻርጅ ስለሚሠራውና ውሃ በግፊት እየረጨ የጥርስን መካከል ስለሚያጸዳው ትንሽ መሣሪያ የሚጠይቁ ናቸው። አብዛኞቹ የተላኩት ከአዲስ አበባ ዳርቻ ሲሆን የውሃ ፈረቃና የመብራት መቆራረጥ በብዙዎቹ ውስጥ ይነሣል። ከእነርሱ አምስቱን መርጠን እንደሚከተለው መልሰናል።

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። የባለቤቴ እኅት ከውጭ ስትመጣ ገመድ አልባ የውሃ ፍሎሰር ይዛልኝ መጥታ መጠቀም ጀምሬአለሁ። ገና በመጀመሪያው ቀን ውሃው ከአፌ አምልጦ መስተዋቱንና ልብሴን አራሰው፤ ድዴም ደማ። ባለቤቴ ደግሞ ‹በፈረቃ በሚመጣ ውሃ ጥርስ መርጨት ምን የሚሉት ቅንጦት ነው? መፋቂያ አንሶሽ ነው?› እያለ ያሾፍብኛል። ለመሆኑ ይህ ነገር በእርግጥ ይጠቅማል? መድማቱስ ጉዳት አለው? ውሃ እኛ ፎቅ ድረስ የሚወጣው አልፎ አልፎ ስለሆነ በጀሪካን ያጠራቀምኩትን ብጠቀምስ?» ወ/ሮ ሰ.፣ ከኮዬ ፈጬ

መልስ፦ ከባለቤትዎ ስሞታ እንጀምር፤ ስለ ውሃው የሰጉት ከሒሳቡ ጋር አይገጥምምና። የገመድ አልባ ፍሎሰሮች የውሃ መያዣ አብዛኛውን ጊዜ ከ150 እስከ 300 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ሲሆን፣ አንዴ የተሞላው ለአንድ ጊዜ ጽዳት ይበቃል። ትልቁን መያዣ ብንወስድ እንኳ አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ከ60 ጊዜ በላይ ያገለግላል። ቧንቧውን ከፍቶ እየተወ ጥርሱን የሚቦርሽ ሰው በአንድ ጠዋት የሚያፈስሰው ውሃ ከዚህ መሣሪያ የቀን ፍጆታ እጅግ ይበልጣል።

መፋቂያን እኛም አንንቅም። ጫፉ በደንብ ታኝኮ የለሰለሰ የወይራ ወይም የክትክታ መፋቂያ፣ በጥንቃቄ ለያዘው ሰው፣ የጥርስን የውጭ ገጽ ጥሩ አድርጎ ያጸዳል። ነገር ግን መንጋጋ ጥርስ አምስት ገጽ ያለው ሲሆን፣ ከጎረቤቶቹ ጥርሶች ጋር የሚነካካባቸውን ሁለቱን ገጾች መፋቂያም ሆነ ብሩሽ በሚገባ አይደርስባቸውም። የጥሬ ሥጋ ጅማትና የቆሎ ገለባ የሚሸጎጠው እዚያ ነው፤ የድድ ሕመምም ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከዚያው ነው። በየምግብ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ የማይጠፋው ስቴኪኒ ትልልቁን ፍርፋሪ ቢያወጣም፣ በጥርሱ ላይ የሚለጠፈውን ስስ የባክቴሪያ ሽፋን አያነሣውም፤ እየጎረጎሩ ድድን ማቁሰልም የተለመደ ነው። ለዚህ ቦታ የተሠሩት የጥርስ ክር፣ በጥርስ መካከል የሚገቡ ትንንሽ ብሩሾችና እርስዎ የያዙት የውሃ ፍሎሰር ናቸው።

የመሣሪያው አሠራር ቀላል ነው። በውስጡ ያለች ትንሽ ፓምፕ ውሃውን በአንድ ጊዜ በቀጥታ አታፈስሰውም፤ በደቂቃ ከ1000 ጊዜ በላይ እየቆራረጠች ትተኩሰዋለች። አንዱ ምት ድዱን ገፋ ሲያደርገው፣ ቀጥሎ ያለው ቅጽበታዊ ዕረፍት ደግሞ ድዱ ወደ ቦታው እንዲመለስና የተላቀቀው ቆሻሻ ከውሃው ጋር እንዲወጣ ዕድል ይሰጣል። ሐሳቡ አዲስ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1962 በአሜሪካ ኮሎራዶ ግዛት፣ ፎርት ኮሊንስ በተባለች ከተማ፣ ጄራልድ ሞየር የተባለ የጥርስ ሐኪምና ጆን ማቲንግሊ የተባለ ኢንጂነር የሠሩት መሣሪያ የዛሬዎቹ ሁሉ አባት ነው። ያ ግን ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ከሶኬት ጋር የሚያያዝ ነበር።

ይጠቅማል ወይ ላሉን፣ ማጋነን አንፈልግም። የሕክምና ጥናቶችን እየሰበሰበ የሚመዝነው ኮክሬን የተባለ ዓለም አቀፍ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጣው ግምገማ ከብሩሽ ጋር ተደርቦ ሲሠራበት የድድ መቆጣትን ሊቀንስ እንደሚችል ጠቁሞ፣ የማስረጃው ጥንካሬ ግን እጅግ ዝቅተኛ መሆኑን ገልጿል። ከዚህ ተነሥተን የምንመክረው እንዲህ ነው፦ የጥርስ ክር በየቀኑ የሚጠቀም ሰው ይህን መሣሪያ ካልገዛሁ ብሎ መጨነቅ የለበትም፤ ክር የሚያስቸግረው፣ ወይም እንደ ብዙዎቻችን ጨርሶ የማይሞክረው ሰው ግን ከምንም የሚሻል ነገር ያገኛል። የተለጠፈው ሽፋን ሳይጸዳ ሰንብቶ ወደ ድንጋይነት ከተለወጠ ግን ከድስት ግርጌ እንዳረረ ወጥ በውሃ ብቻ አይለቅም፤ ያኔ ክሊኒክ ሄዶ የጥርስ እጥበት ማድረግ ግድ ነው።

ስለ መድማቱ፦ ጤነኛ ድድ በለሰለሰ ውሃ አይደማም። የደማው ከቀድሞም ተቆጥቶ ስለነበረ ይሆናል፤ ስለዚህ ደም አየሁ ብሎ ማቆም ነገሩን ያባብሰዋል። በዝቅተኛው ግፊት፣ ብዙ ጊዜ «ለስላሳ» ተብሎ በተጻፈው ደረጃ፣ በቀን አንድ ጊዜ ይቀጥሉ፤ ብሩሹንም አይተዉ። በአብዛኛው ሰው ላይ መድማቱ በአንድና ሁለት ሳምንት ውስጥ እየቀነሰ ይሄዳል። ከዚያ በኋላም ከቀጠለ፣ መግል ካዩ ወይም የተነቃነቀ ጥርስ ካለ ግን ጉዳዩ የመሣሪያ ሳይሆን የሐኪም ነው።

መስተዋቱን የሚያርሰው ከቅደም ተከተሉ የተነሣ ነው። መጀመሪያ ጫፉን አፍዎ ውስጥ ያስገቡ፤ ቀጥሎ ወደ ሲንኩ፣ ሲንክ ከሌለም ወደ ሳፋ ጎንበስ ይበሉ፤ ከንፈርዎን ገጠም አድርገው ውሃው በራሱ ጊዜ በከንፈርዎ ጥግ እንዲወርድ ክፍተት ይተዉለት፤ ማብሪያውን የሚጫኑት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ለማጥፋትም እንዲሁ ጫፉ ከአፍ ሳይወጣ ይጥፋ። ከኋላ ከመንጋጋ ጀምረው፣ ጫፉን ጥርስና ድድ በሚገናኙበት መስመር ላይ ቀጥ አድርገው ይዘው፣ በየሁለት ጥርስ መካከል ለአፍታ እየቆሙ ወደፊት ይምጡ። ጫፉን ከሥር ወደ ላይ አዙሮ ድድ ውስጥ መትኮስ አይገባም። መሣሪያው ሲያጋድል ደግሞ መምጠጫው ቱቦ ከውሃ ይልቅ አየር ስለሚስብ ቀጥ አድርገው ይያዙት።

የጀሪካኑን ውሃ በሚመለከት መመዘኛው አንድ ነው፤ ሊጠጡት የማይደፍሩትን ውሃ ወደ ደማ ድድ አይርጩት። ቀናት የቆየ፣ ውስጡ የሚያሙለጨልጭ ጀሪካን ውስጥ ያለ ውሃ ከሆነ አፍልተው ይጠቀሙ። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2000 ሜትር በላይ በሆነ ቦታ ውሃ ቀደም ብሎ በዝቅተኛ ሙቀት ስለሚንተከተክ፣ ከፈላ በኋላ ሦስት ደቂቃ እሳት ላይ እንዲቆይ ይመከራል፤ ኮዬ ፈጬም ሆነ የተቀረው የአዲስ አበባ ዙሪያ ከዚህ ከፍታ በላይ ነው። ከዚያ ለብ እስኪል ያቀዝቅዙት፤ ትኩስ ውሃ ድድን ያቃጥላል፣ መሣሪያውንም ያበላሻል። የተረፈውን ውሃ መያዣው ውስጥ ለነገ አያሳድሩ፤ ደፍተው መያዣውን ክፍት አድርገው ያድርቁት።

ጥያቄ፦ «የ14 ዓመት ልጄ ጥርሷን ሽቦ አስራለች። ምግብ እየተሰካባት በጣም ተቸግራለች። የውሃ ፍሎሰር ብገዛላት ብሩሹን መተው ትችላለች? ጨው ወይም የአፍ መጉመጥመጫ ብንጨምርበትስ?» አቶ ታ.፣ ከለገጣፎ

መልስ፦ ብሩሹን መተው አትችልም። ሆኖም ለዚህ መሣሪያ ከእርሷ የተሻለ ባለጉዳይ ማግኘት ይከብዳል፤ ክር በየሽቦው ሥር እያሾለኩ ማጽዳት አዋቂንም ያሰለቻልና። ብሩሽ የመሰለ ጸጉር ያለው፣ ሽቦ ለታሰረ ጥርስ የተሠራ ጫፍ ከመሣሪያው ጋር አብሮ ከመጣ እርሱን ትጠቀም፤ ውሃውን በእያንዳንዱ የሽቦ መያዣ ዙሪያና ከሽቦው በላይና በታች ታሳልፍ። በመያዣዎቹ ዙሪያ የሚቀር ቆሻሻ ጥርሱን ማዕድን እያሳጣ ነጭ ጠባሳ ስለሚተው፣ ሽቦው ሲፈታ የሚያስደነግጠው ብዙ ጊዜ ይህ ነው። ስለዚህ ፍሎራይድ ያለበት የጥርስ ሳሙና በቀን ሁለት ጊዜ የግድ ነው። የአፍ መጉመጥመጫ ቢበዛ ከውሃው ጋር እኩል ለእኩል መቀላቀል ይቻላል፤ ከጨረሰች በኋላ ግን ንጹሕ ውሃ ሞልታ መሣሪያውን ታጥበው። ያልሟሟ ጨውና ሶዳ ቀጭኗን ቀዳዳ ስለሚደፍን ይቅር። ሽቦው እስኪፈታ ድረስ ቆሎና ሸንኮራ አገዳም ይቅሩባት፤ መያዣዎቹን ነቅለው ከወረፋ ውጭ ወደ ሐኪም የሚመልሷት እነርሱ ናቸው።

ጥያቄ፦ «ተወልጄ ያደግሁት ወንጂ ነው፤ አሁን ሰበታ እኖራለሁ። ጥርሴ ከልጅነቴ ጀምሮ ቡናማ ነው። በውሃ ፍሎሰር ይነጣል የሚል ማስታወቂያ አይቼ ለመግዛት አስቤአለሁ። ልጆቼስ ይወርሱታል?» አንባቢ፣ ከሰበታ

መልስ፦ ገንዘብዎን ለዚህ ብለው አያውጡ። የቡናና የሻይ እድፍ ከጥርስ ላይ ያለ ነው፤ የእርስዎ ቀለም ግን ከጥርሱ ውስጥ ነው። በስምጥ ሸለቆ ብዙ የጉድጓድ ውሃ ከእሳተ ገሞራ አለት የሚወጣ ፍሎራይድ በብዛት ይዟል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ሲሆን በወንጂ፣ በመተሐራና በዝዋይ አካባቢ ከዚህ እጅግ የሚያልፉ ጉድጓዶች ይታወቃሉ። ሕፃን ልጅ፣ ቋሚ ጥርሶቹ በድዱ ውስጥ ገና በሚሠሩበት ዕድሜ፣ ማለትም እስከ ስምንት ዓመት ገደማ፣ እንዲህ ያለ ውሃ ሲጠጣ የጥርሱ የላይኛው ሽፋን ጎድሎ ይሠራል፤ ጥርሱ ከበቀለ በኋላም ቀለም እየያዘ ይጠቁራል። ይህን ውሃ አያጥበውም። በሎሚና በከሰል መፈተግ ደግሞ ቀድሞውኑ የደከመውን ሽፋን ይጨርሰዋል፤ ይህን የሚመክርዎ ቢኖር አይስሙት። ቀለሙ ቀላል ከሆነ ሐኪም የላዩን ስስ ገጽ ፍቆ ወይም በመድኃኒት ሊያነጣው ይችላል፤ ከባድ ከሆነ በሽፋን ይለበጣል።

ልጆችዎ አይወርሱትም። የሚወስነው እነርሱ በሕፃንነታቸው የሚጠጡት ውሃ እንጂ የእርስዎ ጥርስ አይደለም። ለእረፍት ወደ ዘመድ ቢሄዱ የሚያስከትለው ነገር የለም፤ ለዓመታት እዚያ የሚያድጉ ከሆነ ግን የሚጠጡት ውሃ ከየት እንደሚቀዳ ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ «የ63 ዓመት ሰው ነኝ። የልብ በር በቀዶ ሕክምና ተቀይሮልኝ ዋርፋሪን የተባለውን ደም የሚያቀጥን መድኃኒት እወስዳለሁ። ልጄ ይህን መሣሪያ ገዛልኝ፤ ልጠቀም?» አቶ ገ.፣ ከቡራዩ

መልስ፦ አባታችን፣ የልብ ሐኪምዎን ሳይጠይቁ አይጀምሩት። ከተቆጣ ድድ ወደ ደም የሚገባ ባክቴሪያ በተተካ የልብ በር ላይ ሊያርፍና ከባድ ኢንፌክሽን ሊያስነሣ ይችላል። ይህ ማለት ግን አፍን ሳያጸዱ መቀመጥ ይሻላል ማለት አይደለም፤ የቆሸሸ አፍ ለእርስዎ ከማንም በላይ አደገኛ ነው። በለስላሳ ብሩሽ መቦረሹን ይቀጥሉ። የጥርስ ሐኪም ዘንድ ሲሄዱ ስለ ልብዎና ስለ ዋርፋሪኑ ገና ወንበሩ ላይ ሳይቀመጡ ይንገሩ፤ ጥርስ ይነቀልልኛል ብለው መድኃኒቱን በራስዎ ፈቃድ አያቋርጡ።

ጥያቄ፦ «የገዛሁት ፍሎሰር ጥቂት ወራት ሠርቶ ግፊቱ ደከመ። የምንጠቀመው ከግቢያችን ጉድጓድ የሚወጣ ውሃ ነው። መብራት ስለሚጠፋብን ቻርጁ ይሁን?» ወ/ት ሄ.፣ ከሱሉልታ

መልስ፦ ሞተሩ እንደ ቀድሞው እየጮኸ ውሃው ብቻ ከደከመ ቻርጁን አይጠርጥሩ፤ የጉድጓዱ ውሃ ማዕድን ይሆናል፤ በማንቆርቆሪያዎ ግርጌ ነጭ ቅርፊት ካለ ያው ነው። በግማሽ ሊትር ለብ ያለ ውሃ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ነጭ አቼቶ ጨምረው ግማሹን በመሣሪያው ውስጥ ያሳልፉ፤ ጠፍቶ 20 ደቂቃ ያህል ይቆይ፤ የቀረውን ያሳልፉና በንጹሕ ውሃ ደጋግመው ያጥቡት። በየወሩ ቢደረግ መልካም ነው። መምጠጫው ቱቦ ጫፍ ላይ ትንሽ ወንፊት ካለች አውጥተው ይጠቧት፤ ጫፉንም በየሦስትና በየስድስት ወሩ መካከል ይቀይሩ።

ሞተሩም ድምፁ ከደከመ ያን ጊዜ ባትሪው ነው። መብራት ባለበት ሰዓት ሙሉ ቻርጅ ያድርጉት፤ ደህና ባትሪ አንዴ ከሞላ በቀን አንድ ጊዜ ለሚጠቀም ሰው አንድ ሳምንትና ከዚያ በላይ ይቆያል። የቻርጅ ቀዳዳዋ እርጥብ ሆና ሳለ ገመድ አይሰኩ፤ የጎማ ክዳኗም ሁልጊዜ ትገጠም። የአብዛኞቹ ባትሪ በታሸገ ቀፎ ውስጥ ስለሆነ፣ ሞባይል ጠጋኝ ዘንድ ወስደው ካስከፈቱት ባትሪው ቢቀየርም ቀፎው ዳግም ውሃ የማያስገባ ሆኖ መዘጋቱን የሚያረጋግጥልዎ የለም፤ ዋስትና ካለው ወደ ገዙበት ሱቅ ይመልሱት።