ጦም ያደረ ማሳና ቅንጬ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አባትሽ ካረፉ ወዲህ ሸዋ ሮቢት አጠገብ ያለው ማሳ ሁለት ዓመት ጦም አድሯል። አሁን ነጭ አበባ ያለው አረም ወርሶታል። «አንዴ መድኃኒት አስረጭቼ ብገላገልስ? ለመሆኑ ጉዳቱ ያን ያህል ነው?» ነው ያልሽው። እኔ እዚሁ ሸዋ ሮቢት ዙሪያ፣ ቀወት ወረዳ ነው የማርሰው። ከዚህ አረም ጋር ስድስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ዓመታት እሱ ነው ያሸነፈኝ። ስለዚህ ከሽንፈቱ ልጀምርልሽ።

ከጥያቄሽ ጋር የለጠፍሽው ፎቶ ላይ ያለው ቅንጬ ነው። ባለሙያዎቹ ፓርቲኒየም ይሉታል። አበባው እንደተከካ እህል ነጣ ነጣ ስለሚል ይመስለኛል ሰዉ ቅንጬ ያለው። ስሙ ያስጎመጃል፣ እሱ ራሱ ግን ሬት ነው። የትውልድ አገሩ ሜክሲኮና አካባቢው ነው። እኛ አገር በ1970ዎቹ መጀመሪያ፣ በኛ አቆጣጠር ማለቴ ነው፣ ድሬዳዋና ሐረርጌ ላይ ታየ። ከዚያ ወሎ ላይ ታየ። ከእርዳታ ስንዴ ጋር ገባ ይባላል፤ በሶማሊያው ጦርነት ጊዜ በወታደር መኪና ጎማ ነው የመጣው የሚሉም አሉ። አጎቴ ደግሞ «ከ77ቱ ድርቅ በፊት በደሴ መንገድ ዳር አይቼው አላውቅም» ይላሉ። ያም ሆነ ይህ መንገድ ይወዳል። ዛሬም ከአጣዬ ወደ ሸዋ ሮቢት ስትመጪ በመኪና መስኮት ብታዪ አስፋልቱን ግራና ቀኝ አጅቦት ታገኚዋለሽ።

እኔ ጋ የገባው በአሸዋ ነው። ቤት ልጨርስ ብዬ አንድ ገልባጭ የወንዝ አሸዋ አስመጣሁ። በልግ ሲጥል ከክምሩ ጎን ሰባት ስምንት ቡቃያ ብቅ አለ። ቅጠሉ እንደ ካሮት የተሰነጣጠቀ፣ እመሬት ላይ ልጥፍ ብሎ የተዘረጋ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ያምራል ብያለሁ። ልጄ ልትነቅለው ስትል «ተይው፣ ዶሮዎቹ ይጠለሉበታል» አልኳት። ሰኔ ሳይገባ ደረቴ ደረሰ።

ቀጥሎ የሠራሁት ደግሞ የባሰ ነው። አብቦ ካበቃ በኋላ ነቀልኩት። ነቅዬም አልጣልኩትም፤ ኮምፖስት አደረግኩት። በዓመቱ ያንን ኮምፖስት ማሳዬ ላይ በተንኩት። በገዛ እጄ ዘራሁት ማለት ነው! አንድ ደህና የበቀለ ቅንጬ ከ15 ሺህ በላይ ዘር ሊያፈራ እንደሚችል ያኔ አላውቅም ነበር። ከበቀለ አንድ ወር አካባቢ ሲሆነው ማበብ ይጀምራል። ዝናብ ባገኘ ቁጥር በዓመት ውስጥ ደጋግሞ ይወልዳል። አፈር ውስጥ የተቀበረው ዘር ደግሞ ለዓመታት ተኝቶ ይጠብቃል። ስለዚህ ዛሬ የምታዪው ከሚበቅለው ጥቂቱን ነው።

አሁን ወደ ጉዳቱ። ሁለት ጥማድ ማሾ እዘራለሁ። ድሮ አንዴ ከታረመ ይበቃው ነበር። ቅንጬ ከገባ ወዲህ ሦስት ጊዜ ሳይታረም አይያዝም። በዚያን ሰሞን ሁሉም ሰው የሚያርም ስለሆነ የቀን ሠራተኛ አይገኝም፤ ቢገኝም ዋጋው አይቀመስም። ሁለተኛው ዓመት ላይ ሂሳቤን ተቀምጬ ሠራሁት። ለአረም ያወጣሁት ለዘርና ለእርሻ ካወጣሁት በለጠ። ከዚያ ውስጥ የእናቴና የልጄ ጉልበት የለበትም፤ እነሱን ማን ይከፍላቸዋል? ልጄ በዚያ ክረምት ስንት ቀን አጎንብሳ እንደዋለች አልቆጠርኩም። ማሳው ግን በሷ ነው የተረፈው።

ሐረርጌ ላይ በማሽላ በተደረገ ጥናት አረሙ ዝም ከተባለ ከ40 እስከ 97 በመቶ ምርት እንደሚቀንስ ታይቷል። 97 ማለት እኮ ባዶ እጅ መቅረት ነው ማለት ይቻላል። የብዝሃ ሕይወት ተመራማሪዎች በፈረንጆቹ 2023 ባወጡት ሪፖርት ደግሞ እንደ ቅንጬ ከሌላ አገር ገብተው የሚስፋፉ ወራሪ ዝርያዎች ዓለምን በዓመት ከ423 ቢሊዮን ዶላር በላይ ያስወጣሉ ብለዋል። ቁጥሩን ስሰማ መጀመሪያ የመጣብኝ ያቺ ልጅ ናት። እሷ ያጎነበሰችበት ቀን እዚያ ውስጥ ተቆጥሮ ይሆን? አይመስለኝም።

የእጁ ነገር ለብቻው ነው። እናቴ መጀመሪያ በባዶ እጇ ነበር የምትነቅለው። አንድ ሁለት ዓመት ምንም አላላትም። ከዚያ ክንዷና አንገቷ ቀልቶ ማሳከክ ጀመረ፤ ሌሊት እንቅልፍ ነሳት። ጤና ጣቢያ ሄደን የቆዳ ቅባት ተሰጣት፣ ማሳ ስትመለስ ደግሞ አገረሸባት። ሰውነት አንዴ ከተቆጣ ወዲህ ትንሽ ንክኪ ይበቃዋል። አስም ያለበትንም ብናኙ ያስነሳበታል። ስለዚህ የምታሳርሚያቸውን ሰዎች ጓንት ግዢላቸው። ጓንት ከጠፋ ፌስታል እጃቸው ላይ ይጠቅልሉ። እጅጌ ረጅም ልብስ ይልበሱ። ይህን አደራ እልሻለሁ።

ሰው የማያየው ትልቁ ኪሳራ ግን የግጦሹ ነው። ማሳሽን ታርሚዋለሽ። የወል መሬቱን ማን ያርመዋል? ከመንደራችን በታች ያለው ሜዳ ልጅ ሆነን ሰርዶ የለበሰ ነበር። ከብቱ በዛ፣ ሣሩ ተጋጠ፣ መሬቱ ተራቆተ። ቅንጬ ደግሞ ራቁት መሬት ካገኘ የሚቀድመው የለም። ሥሩና ቅጠሉ የሌላውን ዘር ቡቃያ የሚያቀጭጭ ነገር ይለቃል። ስለዚህ ሣሩ ልመለስ ቢልም አይችልም። ከብት ወዶ አይበላውም። ያው አማራጭ ሲጠፋ ይቀምሰዋል፤ በብዛት ከበላው ይታመማል፣ እስከ መሞትም ይደርሳል። የኛዋ ላም በአንድ የግንቦት ወር ይህን ቀምሳ ወተቷ መረረ። ለጎረቤታችን ለአራስ የላክነው ወተት በይሉኝታ አንድ ቀን ተጠጣ፣ በማግስቱ «ለጥጃው ስጡት» ተብሎ ተመለሰ። እናቴ እስከ ዛሬ ታፍራለች።

ይህ የኛ ብቻ ችግር እንዳይመስልሽ። ሰንበቴ ገበያ የሚወጡትን አፋሮች ስለ ደርጊ ሃራ ጠይቂያቸው፤ የደርግ ዛፍ ማለት ነው። ፕሮሶፒስ የሚባለው እሾሃም ዛፍ ነው። ጥላ ይሆናል፣ በረሃውን ያለመልማል ተብሎ በበጎ ሐሳብ ነበር አዋሽ ዳር የተተከለው። ፍየሉም ግመሉም ፍሬውን በላ፣ ከፍጉ ጋር በየሄደበት ዘራው። አሁን አፋር ውስጥ ከ1 ሚሊዮን ሄክታር በላይ ይዟል። የግጦሽ ሜዳ የነበረው ከብት የማያልፍበት ጫካ ሆኗል። የጣናን እምቦጭ ደግሞ ሁላችንም በቴሌቪዥን አይተነዋል፤ ሐይቅ ላይ ስለሆነ ከሩቅ ይታያል። ቅንጬ እንደዚያ አይታይም። አበባ ነው ተብሎ ይታለፋል።

ወደ ጥያቄሽ ልመለስ። አንዴ አስረጭቶ መገላገል የለም። ሁሉን የሚያደርቀውን ግላይፎሴት አሁን ብታስረጪ የቆመው ይደርቃል። ያፈራው ዘር ግን ከሥሩ ነው ያለው። ሣሩም አብሮ ስለሚሞት መሬቱ ራቁቱን ይቀራል፣ በመጀመሪያው ዝናብ ማን እንደሚቀድም አሁን ታውቂያለሽ። ቱ ፎር ዲ የሚባለው፣ ሰፋፊ ቅጠል ያለውን የሚገድል መድኃኒት፣ ጤፍና ማሽላ ላይ፣ አረሙ ገና ልጥፍ እንዳለ ይሠራል። ማሾ ላይ ግን እንዳትሞክሪው፣ ማሾውንም ይዞት ይሄዳል። ነፋስ ባለበት ሰዓት ከተረጨ ደግሞ የጎረቤትሽ ፓፓያ ላይ ያርፍና ከሰው ትጣያለሽ። እኔ ተጣልቻለሁ።

በኔ ማሳ የሠራው ይህ ነው። መጀመሪያ ያበበው ይወገድ። አፈሩ ሲርስ ከነሥሩ ይነቀል፣ ሳይራገፍ ማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ይግባ፣ አንድ ቦታ ተሰብስቦ ይቃጠል። ኮምፖስት የሚሆነው አበባ ሳያወጣ የተነቀለው ብቻ ነው። ከዚያ ዝናቡ ይዝነብና አዲሱ ቡቃያ ይውጣ። አትቸኩዪ፣ ይውጣ! በሁለት ሳምንቱ ስስ አድርገሽ አሳርሺው። እንደገና ይወጣል፣ እንደገና አሳርሺው። ጥልቅ እርሻ አልወድም፤ የተቀበረውን ዘር ወደ ላይ ያመጣዋል። በመጀመሪያው ዓመት ማሾ ባትዘሪ ይሻላል። ቶሎ የሚደርስ ማሽላ ወይም ጤፍ ጠቅጠቅ አድርገሽ ዝሪ። ለቅንጬ ባዶ ቦታ አትተዪለት።

አራተኛው ዓመት ላይ ነው ነገሩ የተለወጠልኝ። ማሳዬን ማየት ትቼ በየት በኩል እንደሚገባ ማየት ስጀምር ማለት ነው። የመንገዱ ቱቦ የሚለቀው ጎርፍ በላይኛው ድንበር በኩል ይመጣብኝ ነበር። ቦይ ቆፈርኩለት፣ ከቦዩ አጠገብ ደሾ ሣር ተከልኩ። ሣሩ ለላሟም ሆነ። ትራክተር ከመግባቱ በፊት ማረሻው ላይ ያለው ጭቃ እንዲጠረግ አደርጋለሁ፤ ሾፌሩ ያጉረመርማል፣ ያጉረምርም። ድርቆሽ ከገበያ ስገዛ ፈትቼ አያለሁ። ዘር ከማላውቀው ሰው አልገዛም። ድንበሩን ደግሞ ከሦስት ጎረቤቶቼ ጋር በወንፈል እናርማለን፣ በክረምት ሁለቴ፣ ሳያብብ። አራተኛው ጎረቤት እምቢ ብሎናል። በሱ በኩል ያለው ጥግ ዛሬም አስቸጋሪ ነው።

ጥያቄሽ ውስጥ «ለኮንትራት ልስጠው» የሚል ሐሳብም ነበር። ስጪው፣ ጦም ከሚያድር ይሻላል። ግን ውሉ ላይ ድንበሩንም እንዲያርም አስጽፊ። ተከራይ የዘራውን ያርማል፣ ዳሩን ይተወዋል። የአንድ ዓመት ውል ከሆነ ደግሞ ጭራሽ አይለፋልሽም። ሦስት ዓመት ስጪው፣ ለመጀመሪያው ዓመት ዋጋ ቀንሺለት።

አንድ ሰው ጥያቄሽ ሥር በሰጠው አስተያየት «ጥንዚዛ አለ፣ እሱ ይበላዋል» ብሎሻል። ውሸት አይደለም። ዛይጎግራማ የሚባል ከሜክሲኮ የመጣ ጥንዚዛ ነው፤ ህንዶች ከ1984 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ይጠቀሙበታል። እኛ አገር አምቦ ባለው የእጽዋት ጥበቃ ምርምር ማዕከል ተዘግቶበት ከተፈተሸ በኋላ ወለንጪቲ አካባቢ ተለቋል። ከተፈተሹት ነገሮች አንዱ ኑግ ይበላ እንደሆነ ነው። ለምን መሰለሽ? ኑግና ቅንጬ የአንድ ቤተሰብ ናቸው። አደይ አበባም ዘመዳቸው ናት። ይህን ስሰማ ገርሞኛል። ብቻ ጥንዚዛው ቅጠሉን በልቶ ያዳክመዋል እንጂ ሥራሽን አይሠራልሽም። አንቺ ደግሞ የዘንድሮው ክረምት ደርሶብሻል።

አንድ ነገር ልጨምር። ከፎቶሽ በስተቀኝ፣ አጥሩ ላይ፣ ቢጫና ሮዝ አበባ የቀላቀለ ቁጥቋጦ አየሁ። የወፍ ቆሎ ይመስለኛል። ለአጥር ብለው ተክለውት ይሆናል። እሱም ከውጭ የመጣ ወራሪ ነው፣ ቅጠሉም ለከብት መርዝ ነው። ጥቁሩን ፍሬ ወፎች በልተው ከመበተናቸው በፊት ከሥሩ አስቆፍሪው። ቀረብ ያለ ፎቶ ካለሽ ለጥፊው፣ አይቼ እነግርሻለሁ።