ጀስቲስ ሊግ፦ የሁለት ሰዓቱ ወይስ የአራት ሰዓቱ? ከድሬዳዋ ፊልም ወዳጆች ጋር ጥያቄና መልስ

(ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ከከዚራ፦ ፍላሽ ላይ ሁለት ጀስቲስ ሊግ ተጭኖልኝ ግራ ገባኝ። የትኛው ነው ትክክለኛው?

አቦ፣ ሁለቱም ትክክለኛ ናቸው፤ ባትማን፣ ሱፐርማንና ሌሎች ጀግኖች የሚተባበሩበት የአንድ ፊልም ሁለት ቅንብር ናቸው። ዋናውን ቀረጻ የመራው ዛክ ስናይደር ነው። በ2017 ልጁ ከሞተች በኋላ ሥራውን ለቀቀ፤ ስቱዲዮው ዋርነር ብራዘርስም ፊልሙን ለጆስ ዌደን ሰጠው። ዌደን ብዙ ትዕይንት እንደገና ቀርጾ በዚያው ዓመት ኖቬምበር የሁለት ሰዓት ፊልም አድርጎ አወጣው። ስናይደር ከድሮ ቀረጻው ተነስቶ ያቀናበረው ደግሞ ማርች 2021 ኤችቢኦ ማክስ በሚባለው የኢንተርኔት ፊልም ማሳያ ላይ ወጣ፤ 4 ሰዓት ከ2 ደቂቃ ነው። ፍላሽህ ላይ ርዝመቱን ብቻ እይ።

ከሳቢያን፦ የተቆረጠውን መልሶ ቀጠለበት፣ በቃ?

እንደዚያማ ቢሆን ማን ይጨነቅበት ነበር! የዌደንን ጭማሪ አውጥቶ ጥሏል፤ በመጨረሻው ጦርነት መሃል የሚታየው የሩሲያ ቤተሰብ የለም። የዳኒ ኤልፍማን ሙዚቃም ወጥቶ የቶም ሆልከንቦርግ ገብቷል። የባትማን ጠላት ጆከር ያለበት የህልም ትዕይንት ግን በ2020 የተቀረጸ አዲስ ነገር ነው፤ እኔን ከጠየቅከኝ ባይጨመርም ምንም አይጎድልም ነበር።

ከመጋላ፦ ጓደኞቼ ሳይቦርግ፣ ሳይቦርግ ይላሉ። የመጀመሪያውን አይቼዋለሁ፤ ምኑ ነው እንዲህ የሚያስወራው?

ያየኸው ሳይቦርግ፣ ግማሽ ሰው ግማሽ ማሽን የሆነው ጀግና፣ ኮምፒውተር የሚከፍት ሰው ነው፤ አልፈርድብህም። በ2021ዱ ግን የፊልሙ ልብ እሱ ነው። የአሜሪካን ፉትቦል ተጫዋች ነበር፤ አባቱ ጨዋታውን ሊያይ አይመጣም። እናቱ በመኪና አደጋ ትሞታለች፣ እሱን አባቱ ጠላት ከሚፈልጋቸው ሦስት ኃይለኛ ሳጥኖች በአንዱ፣ በማዘር ቦክስ፣ ያተርፈዋል፣ እሱ ደግሞ በዚያው ይጠላዋል። የተቸገረች አስተናጋጅ ባንክ ሂሳብ ውስጥ በስውር ገንዘብ የሚያስገባበት ቦታ አለ፤ ኃይሉ ምን ያህል እንደሆነ ከውጊያው ሁሉ በላይ የሚነግርህ እሱ ነው። አባትየው በ2017ቱ በሕይወት ይተርፋል። እዚህ ግን ሳጥኑን መከታተል እንዲቻል ሲል ልጁ ፊት ይሞታል። ስለዚህ መጨረሻ ላይ ሳጥኖቹ ቤተሰቡን ሙሉ አድርገው ሲያሳዩት የሚሰጠው መልስ ክብደት አለው። በሁለት ሰዓቱ የዚህ አብዛኛው የለም።

ጠላትየው ስቴፐንዎልፍም እንዲሁ ነው። በመጀመሪያው ለምን እንደመጣ አይገባህም፤ በሁለተኛው ጌታው ዳርክሳይድ ያባረረው ባለዕዳ ነው፤ ሌላ 50 ሺህ ዓለም አስገብሮ ወደ አገሩ መመለስ ይፈልጋል። አሳዘነኝ ብል ትስቁብኛላችሁ።

ከገንደ ቆሬ፦ ምስሉ ጎንና ጎኑ ጥቁር ሆነብኝ። ቲቪዬ ነው?

ቲቪህ ደህና ነው። አይማክስ ለሚባለው ረጅም የሲኒማ ስክሪን ብሎ ስለሠራው 4 ለ3 አድርጎ ነው ያወጣው። ዙም አታድርገው፣ ጭንቅላት ይቆርጥብሃል።

ከለገሃሬ፦ የሱፐርማን አፍ ለምን ያስጠላል?

የ2017ቱ ነው። ሄንሪ ካቪል ድጋሚ ቀረጻ ሲጠራ ለሌላ ፊልም ጢም አሳድጎ ነበር፤ የዚያኛው ስቱዲዮ እንዲላጨው አልፈቀደም። በኮምፒውተር አጠፉት።

አንዲት እናት፦ ልጆቼ ካላየን ይላሉ፤ ችግር አለው?

ለትንንሾቹ የ2017ቱን ያሳዩአቸው። በአራት ሰዓቱ ደምም ስድብም አለ፤ አሜሪካ ውስጥ አር የሚል ደረጃ ነው የተሰጠው፤ ከ17 ዓመት በታች ያለ ልጅ ያለ አዋቂ አይገባም ማለት ነው።

ከደቻቱ፦ እንዲህ ተመልሶ የተሠራ ሌላ ፊልም አለ?

ሱፐርማን 2። ሪቻርድ ዶነር ብዙውን ከአንደኛው ፊልም ጋር አብሮ ቀርጾት ነበር፤ ፕሮዲውሰሮቹ አንስተውት ሪቻርድ ሌስተር ጨረሰው፣ በ1980 ወጣ። የማርሎን ብራንዶ ትዕይንቶች ቀርተው የሱፐርማን እናት በአባቱ ቦታ ታየች። በ2006 የዶነር ቅንብር ሲወጣ ብራንዶ ተመለሰ። አንድ ያልተቀረጸ ትዕይንት ስለነበር የተዋናዮቹን የሙከራ ቀረጻ ሰክተውበታል፤ ፀጉራቸው በድንገት ሲቀያየር ታያለህ። እኔ ወድጄዋለሁ።

እዚያው ከከዚራ፦ ታዲያ አራት ሰዓት ሙሉ ልቀመጥለት?

ለረጅም በርጫ የተሠራ ይመስላል። ከምር ግን በስድስት ክፍል የተከፈለ ስለሆነ ሦስቱን ዛሬ፣ ሦስቱን ነገ እይ። ስሎው ሞሽኑ ይበዛል፣ ማሳረጊያው እንቢ ብሎ ይጎተታል፤ ጆከር ጋ ስትደርስ ብታጠፋው ታሪኩ አልቋል።